ጭንቅላቴን ከተመታሁ 7 ወር ሆነኝ፤ ሌሊት ሐሳብ እየሮጠብኝ ተቸግሬያለሁ። የደረሰበት ሰው ምን አደረገ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገበያ አካባቢ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የተከራየናት ትንሽ ቤት አለችን። ጥቅምት ውስጥ አንድ ማታ ከሞቢል ወደ አቶቴ ስሄድ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ተገለበጠችና ጭንቅላቴ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ምን ያህል ጊዜ ራሴን እንደሳትኩ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የማስታውሰው በዙሪያዬ የቆሙትን ሰዎች ጫማ ብቻ ነው። መጀመሪያ የወሰዱኝ ክሊኒክ ቁስሉን ሰፍቶ ምንም አልሆንክም ብሎ ሸኘኝ። በማግስቱ ሲያስመልሰኝ ውሎ ሆስፒታል ገባሁ። ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ ትንሽ ደም ቋጥሯል ተባለ። ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገኝ 9 ቀን ተኝቼ ወጣሁ።

አሁን ቁስሉ ድኗል፤ ጠጉርም በቅሎበታል። ለሚያየኝ ሰው ጤነኛ ነኝ። ችግሩ ሌሊት ነው። 4 ሰዓት ላይ እተኛለሁ፤ 8 ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። ከዚያ በኋላ የደንበኞች ልኬት ይመጣል፦ ወገብ 84፣ ርዝመት 102፣ የእግር ስፋት 19። የማን ሱሪ እንደሆነ አላውቅም፤ ቁጥሩ ግን አይቆምም። ከቁጥሩ የቤት ኪራይ ይከተላል፤ ከኪራዩ የባጃጇ ብረት መንገዱን ሲፍቅ የነበረው ድምፅ ይከተላል። ልቤ ይመታል፤ እጄን ያልበኛል። ቀን ደግሞ ሬዲዮና ሰው አንድ ላይ ሲያወሩ ጭንቅላቴ ይሞላል። ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ደንበኛ በዚፕ ምክንያት ሲጨቃጨቀኝ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም።

ሁሉም የሚለኝ አንድ ቃል ነው፦ አታስብ። እናቴም፣ ጓደኛዬም፣ ጎረቤትም። በፍቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለኔ ግን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተኛን ሰው አትርጠብ እንደማለት ነው። በዚህ ያለፋችሁ ወይም ያስታመማችሁ ካላችሁ፣ ሐሳቡን ምን አበረደላችሁ? ቤት ውስጥ የምታደርጉትን ንገሩኝ።

ከዚህ በታች ያለው የመጡልኝን መልሶች በራሴ አነጋገር ያስቀመጥኩት ነው። ስልክ ከ10 ደቂቃ በላይ ካየሁ ከዓይኔ ኋላ ይወጋኛል። ስለዚህ ታናሽ እህቴ በቀን ሁለት ሁለት እያደረገች አነበበችልኝ፤ የገባኝን መልሼ ነገርኳት፤ እሷ ጻፈችው። እንደኔ ረጅም ነገር ማንበብ የከበደው ሰው ሁሉንም ከመፈለግ ከዚህ ቢያገኘው ይሻላል ብዬ ነው።

1። የመጀመሪያዋ መላሽ ሞኖፖል አካባቢ የምትኖር እናት ናት። ምሕረትን ከተመኘችልኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ተመልሼ ታይቼ እንደሆነ። አማቷ ወድቀው ደኅና ነኝ እያሉ ከወር በኋላ ንግግራቸው መወላገድ ስለጀመረ ነው የጠየቀችው።

2። ሁለተኛው ድንገተኛ ክፍል የሠራ ነርስ ነው፤ ደጋግሞ ስለሚመለስ ነርሱ እያልኩ እጠራዋለሁ። የእናቲቱ ጥያቄ ከሁሉ መቅደም አለበት የሚል ነው። ደም በአደጋው ዕለት ብቻ ሳይሆን ሳምንታት ቆይቶም በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ቀስ እያለ ሊጠራቀም እንደሚችል አስረዳ፤ በተለይ በዕድሜ በገፉ፣ መጠጥ በሚያዘወትሩና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ። ራስ ምታቱ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሰውነት ከተንቀጠቀጠ፣ በአንድ ወገን ያለ እጅና እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ሰውየው አልነቃ ብሎ ካስቸገረ፣ ምክር መጠየቁን ትቶ ሆስፒታል መድረስ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንደሚጠራም አስታወሰ። በመጨረሻ አንድ መስመር ነበረችው፤ እህቴ ስታነብባት ድምፅዋ ዝቅ አለ። ሐሳቡ ራሴን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ሌሊቱን ብቻዬን እንዳላሳልፍ፣ ቤት ያለውን ሰው እንድቀሰቅስና ሳልውል ሳላድር ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንድሄድ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እስከዚያ አልደረሰም አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

3። ሦስተኛው የራሴ ነው። ጥር ላይ ተመልሼ ታይቻለሁ፤ በሁለተኛው ስካን ደሙ ጠፍቷል። ታዲያ ለምን እንዲህ እሆናለሁ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ሥዕሉ ደምና አጥንት ያሳያል እንጂ ቀጫጭኑ የነርቭ ክር እንዴት እየሠራ እንደሆነ አያሳይም አለኝ። ከግንባራችን ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል የትኛው ሐሳብ ይግባ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ይመርጣል፤ ቁጣንም የሚይዘው እሱ ነው፤ ሲጎዳ ሁሉም ነገር እኩል እየጮኸ ይገባል። እኔ በማሽን ነው የገባኝ። የላይኛው ክር ውጥረት ሲላላ ከላይ ስታየው ስፌቱ ደኅና ይመስላል፤ ጨርቁን ስትገለብጠው ግን ከሥር ክሩ ተቋጥሮ ታገኘዋለህ።

4። አራተኛው ልጃቸው ፎቅ ሥራ ላይ ከመወጣጫ ወድቆ ያስታመሙ አባት ናቸው። ከሁሉ የጠቀመኝ የሳቸው ነው። ለልጃቸው ቀን ከሌት እንዳያስብ ከመከልከል ይልቅ የማሰቢያ ሰዓት ሰጡት። በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለ20 ደቂቃ የሚያስጨንቀውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል። በእያንዳንዱ ጎን ነገ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ነገር ያስቀምጣል፤ ምንም ማድረግ የማይችልበትን ደግሞ በመስመር ይለየዋል። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ ከሱ ጋር አይታገልም፤ ሰዓትህ 11 ነው ብሎ ይመልሰዋል። ልጁ ለውጥ ያየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ቶሎ እንዳልተወው አጥብቀው መከሩኝ።

ባያጠብቁ ኖሮ እተወው ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች ምንም አልለወጡም። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቼ፣ በልብስ መለኪያ ሜትሬ አስሬ፣ ትራሴ አጠገብ አስቀመጥኩት። 8 ሰዓት ላይ ስነቃ መብራት ሳላበራ አንድ ቃል ብቻ እጽፋለሁ፦ ኪራይ፣ ዚፕ፣ 84። ጠዋት ሳየው መስመሩ በመስመር ላይ ተደርቦ እኔም አላነበውም፤ እህቴ ናት እየለየች የምታወጣልኝ። ግን ከጻፍኩት በኋላ ያ ቃል በዚያ ሌሊት ተመልሶ የሚመጣው ከበፊቱ ባነሰ ጉልበት ነው። በ12ኛው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

5። አምስተኛው ሰው ለዘብ ያለ አልነበረም። በሽታው ሥራ መፍታት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ እሱ ራሱ ከሞተር ሳይክል ወድቆ በሳምንቱ ሥራ መግባቱን፣ የዛሬ ወጣት ሲታመም መታመሙን እንደሚያባብል ጻፈ። 7 ወር ቤት የዋለን ሰው ሐሳብ ቢበላው አይግረመው የሚል መዝጊያም ነበረው። የዚያን ቀን እህቴን እዚያ ላይ አስቆምኳት።

6። ከኔ በፊት የመለሰችለት ወንድሟ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት ሴት ናት። የሱ ጭንቅላት መዳኑ የሌላው ላለመዳኑ ማስረጃ እንደማይሆን ነገረችው፤ ንግግሩንም ጭካኔ አለችው። ወንድሟ ሕመሙን ሁለት ዓመት የደበቀው እንዲህ ያለ አፍ ፈርቶ ነው። ቃላቷ የከረሩ ነበሩ፤ እኔ ግን አመሰገንኳት።

7። ነርሱ ተመልሶ ሁለቱንም አረማቸው። ቀድሞ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ለሳምንታት ጨለማ ክፍል ተኝቶ ይክረም ይባል ነበር፤ ያ ምክር ቀርቷል። አሁን ለቀላሉ የአንጎል መናወጥ የሚመከረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ምልክቱን እስካላባሰ ድረስ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው፤ እንደኔ ደም የቋጠረበት ደግሞ ሐኪሙ በሚለው ልክ። ስለዚህ አምስተኛው ሰው ተንቀሳቀስ ማለቱ ትክክል ነው፤ በሳምንት ሥራ ግባ ማለቱና አነጋገሩ ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደኅና ቀን ሲያገኝ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ሠርቶ፣ ሦስት ቀን በመውደቁ እንደሆነ ጻፈ። ስሰፋ ጭንቅላቴ ከስንት ደቂቃ በኋላ መሙላት እንደሚጀምር እንድለካና ከዚያ ቀደም ብዬ እንዳቆም መከረኝ። ለካሁት፤ 35 ደቂቃ ሆነ። አሁን 25 ሰፍቼ 15 ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ፤ ስልኬ ነው የሚያስቆመኝ። የልብ ጉዳይ ግን አለ፦ ጅምር ስፌት ማሽን ላይ ትቶ መነሣት ለሰፊ ከባድ ነው። አሁንም እየተማርኩት ነው።

ከ8 እስከ 11 ያሉት ከርዕሱ ወጡ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጥፋቱ የመንገዱ ነው አለ፤ ሌላው የሹፌሮቹ ነው አለ፤ ሦስተኛው ሞተረኞች ሄልሜታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው እንደሚሄዱ አነሣ። 11ኛው የተናገረው ብቻ ይያዝልኝ፦ ገና ያላገገመ ጭንቅላት ሁለተኛ ሲመታ ጉዳቱ ከመጀመሪያው ሊከፋ ስለሚችል እስክድን ሞተር ላይ እንዳልወጣ።

12። ይህን የጻፉት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ብያቸዋለሁ። ቡና በስንት ሰዓት እንደምጠጣ ጠየቁኝ። እናቴ ቤት ቡና የሚፈላው ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ እጠጣለሁ ብዬ መለስኩ። እንቅልፌን ከዚያ እንድፈልገው አሉኝ።

13። አንዲት የይርጋለም ሴት አልተስማማችም። ሲዳማ ምድር ላይ ተቀምጦ ቡና አትጠጡ ማለት እንደማይሆን፣ ቡና ሰውን ከሰው የሚያገናኝ እንጂ ሆድ ብቻ የሚገባ እንዳልሆነ፣ የታመመን ሰው ከቡና ማስቀረት ከሰው ማስቀረት መሆኑን ጻፈች። ቁጣዋ የክፋት አልነበረም፤ ትክክልም ነበራት።

14። የመድኃኒት ባለሙያ የሆነ ሰው ሁለቱን አስታረቀ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ከዚያም ይረዝማል። ማታ 12 ሰዓት የጠጣሁት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጤ አለ ማለት ነው። ቡናውን ሳይሆን ሰዓቱን እንድንለውጥ አሳሰበ። ለእናቴ ስነግራት ምንም አላለችም። በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቄጠማ ጎዝጉዛ ጀበናዋን ጣደች። ጎረቤቶች አንድ ሳምንት አጉረመረሙ፤ ከዚያ ጠዋት መምጣት ጀመሩ።

15። አንድ ወጣት ሐሳቡን የሚሰበስብለት ጫት እንደሆነ፣ ምርቃናው ሲመጣ የተበታተነው ሁሉ በአንድ መስመር እንደሚሄድለት ጻፈ። እውነቱን ስለተናገረ አልተቀየምኩትም።

16። የመድኃኒት ባለሙያው ግን ጠንከር አለበት። ጫት አነቃቂ ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ከሰዓት የሰበሰበውን ሌሊት በዱካክ መልሶ ይበትነዋል። ለጨብሲ ተብሎ የሚጠጣው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ የተጎዳ አንጎል መጠጥ አይችልም፤ የሚጥል በሽታንም ሊቀሰቅስ ይችላል። 17ኛው የወጣቱ መልስ ስድብ ስለነበረበት እህቴ አላነበበችልኝም፤ ማታ ሲታይ ተሰርዟል።

18። ከዚህ በኋላ ክርክሩ የከረረበት ቦታ መጣ። ስድስተኛዋ ሴት ተመልሳ የወንድሟን ታሪክ ጨረሰች። ከአደጋው በኋላ የሚጥል በሽታ ጀምሮት መድኃኒት ይወስድ ነበር። ጸበል ሲገባ አብረውት የነበሩ ሰዎች እምነትህ ሙሉ ይሁን ብለው ክኒኑን አስተዉት። በአምስተኛው ቀን ሳያቋርጥ ሲያንቀጠቅጠው ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ጸበሉን እንደማትነቅፍ፣ እሷም እንደምትጠመቅ፣ መድኃኒት አስጥሉ የሚሉትን ግን ይቅር እንደማትል ጻፈች።

19 እና 20። ሁለት ሰዎች ተነሡባት። አንዱ እምነት የጎደለው ልብ ነው አላት፤ ሌላው ፈውስ ያገኙ ሰዎችን ቆጠረባት። እሷም አልቻለችም፤ መልሳ ወንድሟን እነሱ ያስታምሙት እንደሆነ ጠየቀች።

21። ያረጋጋው አንድ ዲያቆን ነው። መድኃኒትን ትቶ መጠመቅ የቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ እንዳልሆነ፣ ክኒኑን በጸበል የሚውጡ ብዙ ምእመናን እንዳሉ፣ ጥበብን ለሐኪም የሰጠው እግዚአብሔር መሆኑን በትሕትና አስረዳ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት መቆሙ ራሱ ሊያንፈራግጥ እንደሚችል ነርሱ ከሥር አንድ መስመር ጨመረ። ዲያቆኑ ስለ ጾምም አነሣ፤ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ጾሙን እንዴት እንደሚይዝ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር። እኔም ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት ስቆይ ራሴን ያዞረኝ ስለነበር ጠቀመኝ።

22። ስለ ትንፋሽ የጻፈችው የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ ከዲያቆኑ ተነሥታ ነው የጀመረችው። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት መቁጠሪያ ይዘው በላቲን ማርያምን የሚያመሰግኑ ሰዎች ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ እንደሚል፣ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸውም አብሮ እንደሚስማማ አሳይቷል። በእኛም ቤት መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦ የሚል ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ያረዝማል ብላ ታስባለች፤ ቁርኣን በዝግታ የሚቀራም፣ ቆሞ የሚዘምርም እንዲሁ። ጸሎት የማይጸልይ ሰው ደግሞ እስከ 4 እየቆጠረ ያስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ያውጣ፤ 10 ሰከንድ ይሆናል፤ በደቂቃ 6 ማለት ነው። ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ላይ እንደሆነ አጥብቃ ጻፈች፤ ልብን የሚያዘገየው ነርቭ የሚበረታው ስናስወጣ ነው። አየር በኃይል መሳብ ግን ያዞራል።

ይህን ሞከርኩት፤ መጀመሪያ ትንፋሼን ስቆጥር ልኬቶቹ እየገቡ አስቸገሩኝ፤ ቁጥር ለኔ አይሆንም። ስለዚህ የአያቴን መቁጠሪያ ከእናቴ ተቀበልኩ። ከጥቁር እንጨት ነው፤ በጣት ብዛት ልሟል፤ አንዷ ፍሬ ተሰንጥቃለች። እዚያች ስንጥቅ ላይ ስደርስ አንድ ዙር እንደሞላሁ አውቃለሁ። ሦስት ዙር ሳልሞላ ልቤ ይበርዳል። ሁልጊዜ አይደለም፤ በብዛት ግን ይበርዳል።

23። አንድ ሰው ራስ ምታት ሳይጀምር በየቀኑ ማስታገሻ ብወስድ እንደሚሻል መከረኝ፤ ለእንቅልፍም ዲያዜፓም እንድፈልግ። 24ኛው፣ የመድኃኒት ባለሙያው፣ በቁጣ ነው የመለሰው። ፓራሲታሞልና የመሳሰሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል፤ ዲያዜፓም ደግሞ የተጎዳ አንጎልን ያደነዝዛል፣ ሱስም ይሆናል። ከጎረቤት ክኒን መለመን እንዲቀር፣ እንቅልፉ በዚህ ሁሉ ካልመጣ ግን ሐኪም ለኔ የሚሆነውን እንዲመርጥልኝ አሳሰበ። በወር ስንት ቀን እንደምወስድ ቆጠርኩ፤ 19 ነበር።

25። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚሠራ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጭንቅላቴን ከሐዋሳ ሐይቅ ጋር አመሳሰለው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ማለዳ 12 ሰዓት ወደሱ እንድመጣ ጋበዘኝ።

26። ጋሼ አረሙት። ሐይቁ በዓይን የሚታይ መውጫ ባይኖረውም ውሃው በትነት ወደ ላይ፣ በስርገት ደግሞ ወደ መሬት ይወጣል፤ የገባው ሁሉ እዚያው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ጨው ይሆን ነበር፤ ዓሣውም ባልኖረ። ከዚህ በኋላ አምባዛ ይሻላል ቆሮሶ ይሻላል የሚል ክርክር ተነሥቶ ጥቂት ቆየ።

እኔ ግን ሄድኩ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ተነሥቼ በሐይቁ ግድብ ላይ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ እህቴ ከኋላዬ። አጥማጁ ተቀምጦ መረብ ይፈታ ነበር። አጠገቡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድቃ እየጠበቁ ቆመዋል። የተቋጠረውን መረብ አይጎትተውም፤ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ዳሩን ይፈልጋል፤ ዳሩን ሲያገኝ ሁለት ጣት አስገብቶ ያላላዋል፤ ከዚያ ሌላውን። አንድ ቋጠሮ እንድፈታ ሰጠኝ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ስነሣ ያን ሁሉ ጊዜ ምንም ልኬት እንዳልመጣብኝ ትዝ አለኝ። ብዙ አላወራንም። ነጋዴው ሲበዛና መጮህ ሲጀምር ጭንቅላቴ ሳይሞላ ተመለስኩ።

27። ይህን መልስ ለሁለት ቀን ከፍላ ነው እህቴ ያነበበችልኝ። የጻፈችው ባለቤቷ ከተጎዳ ሁለት ዓመት የሆነው ሴት ናት። እራት ላይ በልጆቹ ላይ ይጮህ ነበር፤ ከጮኸ በኋላ ደግሞ ራሱ ያለቅሳል። ቤቱን እንዴት እንዳስተካከለች ዘረዘረች። ቴሌቪዥን ተከፍቶ ወሬ የለም። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ጠዋት ይነገረዋል። ሲሞላበት መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፤ ልጆቹ ያውቁታል፤ ተነሥቶ ግቢ ይወጣል፤ 10 ደቂቃ ማንም አይከተለውም። አታስብ ማለት ትታለች፤ በምትኩ ምን መጣብህ ብላ ትጠይቀዋለች፤ ይነግራታል፤ መፍትሔ አትሰጥም፤ ትሰማዋለች ብቻ።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለሷ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እሱ እንዴት ነው ብሎ ያልጠየቃት ሰው የለም፤ አንቺስ ያላት ግን አንድም ሰው አልነበረም። እህቴ እዚህ ላይ ስልኩን አስቀመጠችና ወደ ማድቤት ሄደች። ተከትያት ሄድኩ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ጠይቄያት እንደማላውቅ የታወቀኝ ያኔ ነው። ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነገረችኝ፤ ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ፍራሿን በሬ ላይ አንጥፋ ትተኛ የነበረው ትንፋሼን ለመስማት ነው፤ ዝም ስል እየተነሣች አፍንጫዬ ላይ እጇን ታደርግ ነበር። እኔ እንቅልፍ አጣሁ እል ነበር፤ እሷም አልተኛችም። ይህን ሳስጽፋት አይሆንም ብላኝ ነበር፤ እንዲገባ የለመንኳት እኔ ነኝ። አስታማሚዎቻችሁን ጠይቁ።

28። የመጀመሪያዋ እናት ለዚህች ሴት መለሰችላት፤ ሰፈሯን ጠይቃ ቅዳሜ ልጆቹን እሷ ጋ እንድታመጣና ለግማሽ ቀን እንድታርፍ ጋበዘቻት። ስድስተኛዋ ሴትም የአስታማሚዎች ቡና እንጀምር አለች፤ ጠዋት እንዲሆን።

29። አምስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የተመለስኩት እኔ ነኝ። አሁንም 8 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከሰባት ሌሊት በአራቱ ግን ተመልሼ እተኛለሁ። ማስታገሻ በወር ከ19 ወደ 7 ቀን ወርዷል። መቀስ አልወረወርኩም፤ አንድ ጊዜ ግን መዳፌን ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ ወጥቻለሁ፤ ጓደኛዬም ደንበኛውን ይዞ ቆየልኝ። ባጃጅ ላይ ገና አልወጣሁም። አምስተኛው ሰውዬ አልተመለሰም፤ ጤና ይስጥልኝ።

30። የመጨረሻው መልስ የዚያችው የሞኖፖል እናት ነው። ልጇ ሊመረቅ ስለሆነ ሱሪ እንድሰፋለት ጠየቀችኝ፤ ለመቼ እንዲደርስ ቀን ሳትቆርጥ። ልጁ ማክሰኞ ጠዋት መጣ፤ ለካሁት፤ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። በዚያው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስነቃ ወገብ 76፣ ርዝመት 104 መጣ። የማን እንደሆነ አወቅሁት።